ሃይሉክስ ወይስ ቱንድራ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ፒክአፕ ስመርጥ ያየሁት

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሁለት ፒክአፕ ደብረ ብርሃን በሚገኘው ቤቴ በር ላይ ቆመው ነበር። አንዱ ነጭ ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ደብል ጋቢና፣ የ2012 ሞዴል። ሌላው ጥቁር ቶዮታ ቱንድራ፣ የ2014 ሞዴል። ሞዴል ስጠራ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ገበያው ላይም የሚጠራው እንደዚያ ነው። ሃይሉክሱ ሰተት ብሎ ገባ። ቱንድራው ግን መስታወቶቹን አጥፎ፣ እኔ በግራ ባለቤቴ በቀኝ ቆመን «ና... ና... ቁም!» እያልነው በስንት ጭንቅ ገባ። የግቢዬ በር 2 ሜትር ከ40 ነው። የቱንድራው አካል ብቻውን 2 ሜትር ከ3 ሳንቲም ይሰፋል። መስታወቱ ከተዘረጋ በሩ አይበቃውም።

እኔ የምተዳደረው በግ በማድለብና መኖ በመሸጥ ነው። በጎቹን ከመንዝ አመጣለሁ፤ አብዛኛውን ከመሐል ሜዳና ከሞላሌ። ፉርሽካ ከዚሁ ከደብረ ብርሃን ዱቄት ፋብሪካዎች፣ ፋጉሎ ከአዲስ አበባ፣ ማሽላ ደግሞ ከሸዋ ሮቢት። ስድስት ዓመት ያህል የሠራሁት የሰው አይሱዙ እየተከራየሁ ነው። ኪራዩ ትርፌን ይበላዋል። ከዚያ የባሰው ደግሞ በፈለግኩት ሰዓት መኪና አለማግኘቴ ነበር። ለገናና ለፋሲካ በግ በሚፈለግበት ሰሞን መኪናም አብሮ ይጠፋል። እና ብር አጠራቅሜ የራሴን ፒክአፕ ልገዛ ተነሳሁ።

ቱንድራው የአክስቴ ልጅ መኪና ነበር። ከአሜሪካ ጠቅልሎ ሲገባ ይዞት መጣ። «ለባዕድ ከምሸጠው አንተ ውሰደው» አለኝ። ዋጋውንም በደንብ ቀነሰልኝ። ሃይሉክሱን ያመጣልኝ ደላላ ነው። የሁለቱ ዋጋ ተቀራርቦ ቁጭ አለ። እውነቱን ለመናገር ልቤ የሄደው ወደ ቱንድራው ነው። ሞተሩ 5.7 ሊትር፣ ባለ ስምንት ፒስተን። ወንበሩ ሶፋ ነው። ከኋላ ሦስት ትልልቅ ሰው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። ገና ሳልነዳው ሰፈሩ «መኪናው የታል?» እያለ ይጠይቀኝ ጀመር።

መጀመሪያ ስለ መጠናቸው አንድ ነገር ልበል። አገራችን ውስጥ በብዛት የምናያቸው ፒክአፖች፣ ማለትም ሃይሉክስ፣ አይሱዙ ዲማክስ፣ ሚትሱቢሺ ኤል 200፣ ኒሳን ናቫራ፣ ፎርድ ሬንጀር፣ ሁሉም መካከለኛ ከሚባሉት ናቸው። ትልልቆቹ በዋናነት ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩት ናቸው፦ ፎርድ ኤፍ 150፣ ሼቭሮሌ ሲልቨራዶ፣ ራም 1500፣ ቱንድራ። ቱንድራ ስሙ ቶዮታ ይሁን እንጂ የእኔ ዘመድ ያመጣው የተገጣጠመው ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ውስጥ ነው። ሃይሉክስ ደግሞ በፈረንጆቹ ከ1968 ጀምሮ ዓለምን ሲያዳርስ ኖሮ አሜሪካ ውስጥ ከ1995 ወዲህ አይሸጥም። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ያደጉበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ልዩነት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የሱቁን ደብተር የምትይዘው ባለቤቴ ናት። ቱንድራው በመጣ ማታ «እስኪ ቁጭ በል» አለችኝ። «መኪናውን ከማየትህ በፊት የምትጭነውን እንይ።» ካለፈው ዓመት ጥቅምት ጀምሮ የተከራየናቸውን መኪኖች አንድ በአንድ አወጣን። 64 ጉዞ ነበር። ከ64ቱ 47ቱ ከ7 ኩንታል በታች የተጫነባቸው ናቸው። 9ኙ ከ7 እስከ 15 ኩንታል ናቸው። የቀሩት 8ቱ 30 ኩንታልና ከዚያ በላይ ናቸው፤ እነዚያ ለየትኛውም ፒክአፕ የሚሆኑ አይደሉም። የሚጎተት ነገር ያስፈለገበት ጉዞ አንድም የለም።

ይህን ሳላይ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ «ትልቅ መኪና ብዙ ይጭናል» ብዬ ነበር የምገዛው። ደብተር የሌላችሁ ሰዎች ቢያንስ የሦስት ወሩን አስታውሳችሁ ጻፉት። ምን ጫንኩ፣ ስንት ኩንታል፣ ከየት ወዴት፣ መንገዱ አስፋልት ነው ኮረኮንች። አንድ ማታ ቢፈጅ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የቱንድራውን የሾፌር በር ከፍቼ ምሶሶው ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት አነበብኩ። የጎማ ንፋስ ልኩ የተጻፈባት ናት። ከላይ ደግሞ አንድ መስመር አለ፦ የሰውና የዕቃ ክብደት ተደምሮ ከ635 ኪሎ መብለጥ የለበትም። ተሳስቼ እንዳይሆን ደግሜ አነበብኩት። የአክስቴን ልጅ ጠራሁት። እሱም ስንት ዓመት ሲነዳው ያቺን ወረቀት ልብ ብሎ አይቷት አያውቅም።

አስሉት እንግዲህ። እኔ 78 ኪሎ ነኝ። ረዳቴ 60 ይሆናል። ሁለታችን ጋቢና ስንገባ የሚቀረው 497 ኪሎ ነው። ያ ሁሉ መኪና 5 ኩንታል እንኳን አይሞላም! የሃይሉክሱ አቅም ደግሞ ሰውን ጨምሮ ወደ 900 ኪሎ ነው። ሁለታችን ተቀምጠን 7 ኩንታል ተኩል ያህል ይጭናል።

ይሄ ነገር አልዋጥልህ አለኝና ቶዮታ ሲፈታ ወደ ኖረ አንድ አንጋፋ መካኒክ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ትልቁ መኪና እንዴት ከትንሹ ያነሰ ይጭናል?» አልኩት። አልሳቀብኝም። ሁለቱንም መኪኖች ጎን ለጎን አስቆመኝና ከኋላ በኩል አጎንብሰን ባሌስትራቸውን፣ ማለትም ጭነቱን የሚሸከሙትን የተደራረቡ የብረት ቅጠሎች፣ አየን። የሃይሉክሱ ወፍራምና ደንዳና ነው፤ ከሥር ደግሞ ጭነት ሲበዛ ብቻ የሚሠራ አንድ ወፍራም ቅጠል አለው። ባዶውን ሲሄድ የሚያንገጫግጨው ለዚህ ነው። የቱንድራው ለስለስ ያለ ነው። «አሜሪካኑ ሥራ የሚሄደውም ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርሰውም በዚሁ ነው። ምቾት ይፈልጋል» አለኝ። «የዚህ ጉልበቱ መጎተት ላይ ነው።» እውነቱን ነው። ቱንድራው ተጎታች ተቀጥሎበት ከ4 ቶን በላይ ይስባል። የዚያ ዘመን ሃይሉክስ 2 ቶን ተኩል ገደማ ነው የሚስበው። ግን ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከፒክአፕ ኋላ ተጎታች የሚያስር ስንት ሰው አለ? ደብተሬ ላይ አንድም አልነበረም።

ሌላው የራሱ ክብደት ነው። ቱንድራው ባዶውን 2 ቶን ተኩል ይመዝናል። ሃይሉክሱ 2 ቶን አይሞላም። ያንን 6 ኩንታል ልዩነት ሳትጭኑት ሁልጊዜ ይዛችሁት ትዞራላችሁ፣ ነዳጁንም ትከፍሉበታላችሁ።

ፍትሐዊ ለመሆን ትልልቆቹ ሁሉ እንደዚህ ናቸው ማለቴ አይደለም። ኤፍ 150 እንደ ሞተሩና እንደ ጋቢናው ከአንድ ቶን በላይ የሚጭንም አለው። ስለዚህ ስሙን ትታችሁ የበሩን ወረቀት አንብቡ። ቅንጦት በበዛ ቁጥር፣ ጋቢናው ባደገ ቁጥር፣ የሚጫነው ይቀንሳል። ይሄ ለሃይሉክስም ይሠራል። ሲንግል ጋቢናው ከደብሉ የበለጠ ይጭናል፣ መጫኛውም ይረዝማል። ልጆች ባይኖሩኝ ሲንግል ነበር የምገዛው።

አሁን ወደ መንገዱ። የአክስቴ ልጅም ደላላውም ሳልከፍል እንድሞክር ፈቀዱልኝ። ለዚህ ሁለቱንም አመሰግናለሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ በሁለቱም መኪና ሸዋ ሮቢት ደርሼ ተመለስኩ። ሁለቱንም ጊዜ የጫንኩት ያው 4 ኩንታል ማሽላ ነው።

መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማበር ትወጣላችሁ። ጣሊያን ያስፈለፈለውን ዋሻ ስታልፉ መሬቱ ከሥራችሁ ይከዳል። ደብረ ሲና ድረስ ቁልቁለት፣ ጠመዝማዛ፣ ብዙ ቀን ጉም። ከደብረ ሲና ወዲያ ሙቀቱ እየጨመረ ሸዋ ሮቢት ከ1,300 ሜትር በታች ትደርሳላችሁ። ደርሶ መልስ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ቱንድራው አስፋልት ላይ የሚገርም መኪና ነው። ጉድጓዱ አይሰማም። ንፋሱ አይሰማም። ሸዋ ሮቢት ስደርስ ወገቤን አላመመኝም። ስመለስ ዳገቱ ላይ ሲኖትራክ ከፊቴ ሲያቃስት፣ መንገዱ ክፍት ሲሆን ነዳጅ ረገጥኩና ወዲያው አለፍኩት። እዚህ ላይ ሃይሉክሱ አይወዳደረውም። በሃይሉክሱ ስመለስ ግን ከሌላ ሲኖትራክ ኋላ ማርሽ እየቀነስኩ ጭሱን ስጠጣ ነው የወጣሁት። ለመቅደም ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ መጠበቅ ግድ ነው።

ስለ ከፍታ ግን አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። የቱንድራው ሞተር ተርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የለውም። በራሱ የሚስበው አየር ሲሳሳ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ወረቀት ላይ 381 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ጣርማበር ላይ ግን ሩብ ያህሉን ከፍታው ይወስደዋል። የተረፈውም ይበቃል። ሃይሉክሱ በናፍጣና በተርቦ ስለሚሠራ የሚያጣው ያነሰ ነው። ትልቅ ሞተር ያለ ተርቦ ለደጋ የምትገዙ ሰዎች ቆላ ላይ ሞክራችሁ አትፍረዱ። ጭናችሁ ዳገት ላይ ሞክሩት።

ቁልቁለቱ ላይ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ፍሬን ብቻ ይዞ መውረድ አደጋ ነው። ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ አይዝም። ሃይሉክሱ በእጅ የሚቀየር ማርሽ ስላለው ሦስተኛ ላይ አድርጌ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘኝ አደረግኩ። ቱንድራው አውቶማቲክ ነው። የአክስቴ ልጅ ማርሹን ወደ ጎን አውጥቼ በእጅ ዝቅ እንዳደርግ ባያሳየኝ ኖሮ እኔ ዲ ላይ ትቼው ነበር የምወርደው። አውቶማቲክ የምትገዙ ይህንን አስቀድማችሁ ተለማመዱት።

ነዳጁ። ሁለቱንም ሙሉ ሞልቼ ወጣሁ፣ ስመለስ እዚያው ማደያ መልሼ ሞላሁ። ቱንድራው 37 ሊትር ቤንዚን። ሃይሉክሱ 18 ሊትር ናፍጣ። ከግማሽ በታች ማለት ነው። በዚያ ላይ ነዳጅ በሚጠፋበት ጊዜ 37 ሊትር ለማግኘት የሚፈጀውን ሰልፍ ጨምሩበት።

ቁርጤን ያሳወቀኝ ግን የመንዙ ጉዞ ነው። ከጣርማበር ወደ መዘዞ ታጥፌ ሞላሌ ደረስኩ። ከዚያ ወዲያ በግ የሚያደልቡ ደንበኞቼ ቤት ለመድረስ በሁለት የድንጋይ ካብ መካከል የሚያልፍ መንገድ አለ። ለአህያና ለሰው የተሠራ መንገድ ነው፤ መኪና የገባበት በኋላ ነው። የሰው ሃይሉክስ እየገባ ሲወጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቱንድራውን ይዤ ገባሁ። ሃምሳ ሜትር ያህል ከሄድኩ በኋላ በግራ መስታወቱ ካቡን ሊነካ፣ በቀኝ ጎማው ቦዩ አፋፍ ላይ ሆነ። ከፊት አንዲት እናት ኩበት የጫነች አህያ ነድተው መጡ። ማለፊያ የለም። ወደ ኋላ መውጣት ነበረብኝ። እናትየው አህያቸውን አቁመው ከኋላዬ ዞሩና በእጃቸው እየጠቆሙ መሩኝ። «ቀስ በል የኔ ልጅ፣ ካቡ ያረጀ ነው» ይሉኛል። ቀስ አልኩ። ቢሆንም የኋላው መከላከያ ነካውና ከካቡ አንድ ድንጋይ ተንከባለለ። ወርጄ ድንጋዩን አንስቼ እንደነበረ ገጠምኩት። እሳቸው ትንንሽ ጠጠር ከሥሩ ወሸቁበት። ይቅርታ ጠይቄ፣ መኪናውን ሰፊ ቦታ አቁሜ፣ በጎቹን በእግር አስነዳሁ።

ያን ቀን በሜትር የለካሁትን እነሆ። ቱንድራው 5 ሜትር ከ81 ይረዝማል። ሃይሉክሱ 5 ሜትር ከ26 ነው። በስፋት 20 ሳንቲም ያህል ይለያያሉ። ወረቀት ላይ ስታዩት ምንም ነው። በካብ መካከል ግን ያቺ 20 ሳንቲም ናት መግባትና አለመግባትን የምትወስነው። ሲዞርም ትልቁ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ጠባብ ገበያ ውስጥ ሃይሉክሱ በሦስት ማዞሪያ የሚዞርበት ቦታ ቱንድራውን ስድስት ሰባት ጊዜ ወደፊት ወደኋላ አስብሎኛል።

በጉስ? የቱንድራው መጫኛ 1 ሜትር ከ70 በ1 ሜትር ከ69 ነው፣ ጥልቀቱ 56 ሳንቲም። የሃይሉክሱ 1 ሜትር ከ52 በ1 ሜትር ከ51፣ ጥልቀቱ 45። የመንዝ በግ ትንሽ ነው። ሳይጨናነቁ፣ ሳይረጋገጡ ቱንድራው ላይ 11፣ ሃይሉክሱ ላይ 9 ቆሙ። ልዩነቱ ሁለት በግ ነው። ለሁለት በግ ብዬ እጥፍ ነዳጅ ላቃጥል ነው? ፉርሽካ ላይ ግን ቱንድራው በግልጽ ይበልጣል። ፉርሽካ ክብደቱ ቀላል ነው፣ ቦታ ግን ይበላል። ጥልቅና ሰፊ መጫኛ እዚያ ላይ ዋጋ አለው። ሥራችሁ ስፖንጅ፣ ባዶ ጀሪካን፣ ገለባ ከሆነ ይህንን አስቡበት።

የመለዋወጫውን ነገር ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ ያስታውሰዋል። እኔ መጀመሪያ ላይ ማሰብ ነበረብኝ። የአክስቴ ልጅ የኋላ መብራቱ ተሰብሮበት ሌላ ለማግኘት አራት ወር ፈጅቶበታል። ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ጠብቆ በሻንጣ ነው ያስመጣው። መካኒኩ እንደነገረኝ ቱንድራው ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይደለም። ሞተሩ አንዳንድ አገር በላንድ ክሩዘር 200 ላይ የሚገባው ነው፣ የጎማ ብሎኑም አቀማመጥ ከላንድ ክሩዘር ጋር አንድ ነው። የሰውነት ክፍሉ ግን፣ መብራት፣ ፓራፋንጎ፣ የፊት መስታወት፣ አገር ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ሃይሉክስ ግን ደብረ ሲናም ሸዋ ሮቢትም ቢበላሽ የሚያውቀው እጅ ይገኛል። ጎማውም እዚሁ ጎሚስታ ቤት አለ። በግ ጭኖ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በጉ ፀሐይ ላይ ቆሞ አይጠብቅም።

ለቱንድራው አንድ የምመሰክርለት ነገር ብርዱ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ውርጭ ይወርዳል። ቤንዚን ሞተር ቁልፍ ስታዞሩት ይነሳል። ናፍጣው ግን ጠዋት ጠዋት ትዕግሥት ይፈልጋል። ቁልፉን ግማሽ አዙራችሁ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የተጠቀለለች ሽቦ የምትመስል መብራት እስክትጠፋ መጠበቅ ነው። ሳትጠፋ ማስነሳት ባትሪውን መግደል ነው። ባትሪው ደካማ ከሆነ ደግሞ ክረምቱን ሳይሆን የበጋውን ጠዋት ፍሩ።

«እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ይባላል። ሃይሉክሱን ገዛሁ። ከባዱ ነገር ለአክስቴ ልጅ መንገር ነበር። ዘመድ ዋጋ ቀንሶልህ አልፈልግም ማለት ይከብዳል። ቤቱ ሄድኩ፤ ደብተሩን ይዤ። 64ቱን ጉዞ አሳየሁት፣ የበሩን ወረቀት አስታወስኩት፣ የካቡን ነገርኩት። ቅር እንዳለው ፊቱ ላይ አየሁ። ከዚያ ቡና ተፈላ። ከሦስት ወር በኋላ አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ከእኔ ከሚያገኘው በተሻለ ዋጋ ሸጠው። በይሉኝታ ገዝቼው ቢሆን ኖሮ ሁለታችንም እንከስር ነበር።

ትልቁ ለማን ይሆናል ብትሉኝ፣ ቤተሰብ ይዞ በአስፋልት ረጅም መንገድ ለሚመላለስ ይሆናል። የመውቂያ ማሽን ወይም የውኃ ቦቴ ጎትቶ እያከራየ ለሚሠራ ይሆናል፤ እሱ ከመካከለኛው ይልቅ ትልቁን ቢይዝ አልፈርድበትም። ግቢው ሰፊ፣ መንገዱ ሰፊ፣ ከውጭ ዕቃ የሚልክለት ሰው ያለው መሆን አለበት። ዘወትር ከ10 ኩንታል በላይ የሚጭን ሰው ግን ሁለቱንም ትቶ ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ወይም ትንሿን አይሱዙ ይመልከት።

ያገለገለ ሃይሉክስ ስትገዙ እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ሻጩ ሞተሩን አሙቆ እንዳይጠብቃችሁ ሳትነግሩት በጠዋት ሂዱ። ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት፤ ቀዝቃዛ ይሁን። ሲነሳ ድምፁን ስሙ፣ ጭሱን እዩ። የዚያ ዘመን 2.5 እና 3.0 ናፍጣ ሞተሮች ኢንጄክተራቸው (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው) ሥር ያለው ማሸጊያ ሲያረጅ ጭስ ወደ ውስጥ ያሾልካል። ዘይቱ ጥላሸት ይሆናል፣ ቆይቶ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል፣ ሞተሩም ዘይት አጥቶ ይነክሳል። ስለዚህ መካኒክ ይዛችሁ ማሸጊያውን አስፈትሹ። ሌላው የታይሚንግ ቺንጋው ነው። በየ150,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። ደላላው «ተቀይሯል» አለኝ፤ ማስረጃ ግን አልነበረውም። እኔ በገዛሁ ሳምንት አስቀየርኩት። አሮጌው ሲወጣ ጠርዙ ተሰነጣጥቆ ነበር።

ከሥሩ ግቡና ሻንሲውን እዩ፤ በተለይ ጋቢናው አልቆ መጫኛው የሚጀምርበትን ቦታ። ከልኩ በላይ ሲጫንበት የኖረ መኪና እዚያ ጋ ይጎብጣል። በጎን ቆማችሁ ስታዩት በጋቢናውና በመጫኛው መካከል ያለው ክፍተት ከላይና ከታች እኩል መሆን አለበት። እኔ ከመግዛቴ በፊት ያየሁት ሌላ ሃይሉክስ ከላይ አንድ ጣት፣ ከታች ሦስት ጣት ነበር። ቀለሙ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። ትቼው ሄድኩ። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ራሳችሁ አመሳክሩ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ፋይሉ ያለበት መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ሳታረጋግጡ ቀብድ አትክፈሉ።

እኔ ያመለጠኝ ነገር አለ። ፎር ባይ ፎሩን አስፋልት ላይ መብራቱ መብራቱን ብቻ አይቼ አለፍኩት። ክረምት ላይ አንኮበር አካባቢ ጭቃ ውስጥ ስገባ የፊት ጎማዎቹ አልዞሩም። መብራቱ ይበራል፣ የፊቱ ዲፈረንሻል ግን አይያያዝም። ለማሠራት ያወጣሁት ብር የአንድ ወር ትርፌን ወሰደው። ጭቃ ወይም አሸዋ ላይ አስገብታችሁ የፊት ጎማው መሬት ሲቧጥጥ በዓይናችሁ እዩ።

አሁን ከሁለት ዓመት በላይ ሆነኝ። ባለፈው ክረምት የኋላውን ባሌስትራ አንድ ቅጠል ላስጨምርበት ፈልጌ ነበር፤ 10 ኩንታል ልጭንበት። ያው አንጋፋው መካኒክ እምቢ አለኝ። «ቅጠሉ ይሸከማል፤ ፍሬኑስ? ሻንሲውስ? ከጣርማበር ስትወርድ የሚይዝህ ባሌስትራው አይደለም» አለኝ። ተውኩት። ደብተሩን አሁንም ባለቤቴ ትጽፋለች። ጭነቱ ከ7 ኩንታል የሚያልፍ ቀን ወይ ሁለቴ እመላለሳለሁ፣ ወይ እንደ ድሮው አይሱዙ እከራያለሁ።